ቢንያም ድንጋይ የተሸከመው ለምን ነበር

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ስራመድ ወደ ቀኝ አዘነብላለሁ። ሐኪሙ የዳሌ ችግር ነው አለኝ። እኔ ግን ቀበቶው እንደሆነ አውቃለሁ። ሽጉጥ፣ ትርፍ ካዝና፣ ራዲዮ፣ የእጅ ባትሪና ካቴና ለዓመታት የተሸከመ ወገብ፣ ሸክሙ ስለወረደለት ብቻ ወዲያው ቀጥ አይልም። ዕቃውን ለጥበቃ ኩባንያው ባስረከብኩበት ቀን የቢሮ ሠራተኞች ኬክ ቆረሱልኝ። አንዱን ቁራሽ በልቼ፣ አንዱን ለባለቤቴ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ይህን የምጽፈው ስለ ኬኩ አይደለም። ዳላስና አካባቢዋ የምንኖር ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ግቢም ሆነ በዕድር ስብሰባ የቢንያም ነገር ሲነሣ "ሽማግሌዎቹ ናቸው ያሳሰሩት" ይላሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። ቀሪውን ግማሽ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርና ልጻፈው።

እዚህ አገር መጀመሪያ የሠራሁት ዲኤፍደብሊው የሚባለው የዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የመኪና ማቆሚያው መውጫ ላይ ባለች ጠባብ ዳስ ተቀምጬ ሒሳብ እቀበል ነበር። ደመወዙ የቤት ኪራይ ተከፍሎ የሚተርፈው ትንሽ ነው፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል። ከዚያ ዳላስ አጠገብ አዲሰን በምትባል ከተማ አንድ የቢሮ ሕንፃ ጠባቂ ሆንኩ። ያ ሥራ በአብዛኛው መቀመጥ ነው። ተከራዮች ቢሮ ሲለቁ መጻሕፍት በካርቶን እያደረጉ ከሕንፃው ጀርባ ይጥላሉ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የተጣለ መጽሐፍ ማየት ግን አልወድም። እያነሣሁ፣ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ማንበብ ጀመርኩ። አንዱ ካርቶን ስለ መንግሥትና ስለ ሰው መብት የሚናገሩ የኮሌጅ መጻሕፍት ሞልተውት ነበር። አንድ ገጽ ሳምንት የፈጀብኝ ጊዜ አለ።

ከዚያ ንባብ አንድ ሐሳብ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ሰው ነፍሱን የመከላከል መብት ያለው መንግሥት ስለሰጠው አይደለም። መንግሥት ሳይቋቋም፣ ሕግም ሳይጻፍ ነበረው። ሰዎች መንግሥት ሲያቆሙ የመቅጣትንና የመበቀልን ሥልጣን አስረክበዋል። ይህን ግን አላስረከቡም፤ ማስረከብም አይችሉም። ሊገድልህ የመጣ ሰው ፊትህ ሲቆም ዳኛው ሩቅ ነውና። ነገር ግን መብቱ አጭር ነው። ከአደጋው ጋር ይጀምራል፣ ከአደጋው ጋር ያበቃል። አደጋው ካለፈ በኋላ የምትጨምራት አንዲት ምት መከላከል አይደለችም፤ ቅጣት ናት፤ ቅጣት ደግሞ ያንተ ሥራ አይደለም። ይህን ሳነብ ባገሬ ያየሁት ብዙ ነገር ትዝ አለኝ። መሣሪያ የያዘ ሁሉ ራሴን ስከላከል ነው ሲል ሰምቼ ነው ያደግኩት።

በኋላ የመሣሪያ ፈቃድ አወጣሁና ከሚስተር ሆሊስ ጋር ተመደብኩ። ሚስተር ሆሊስ የፎርት ዎርዝ ተወላጅ፣ ጥቁር አሜሪካዊ፣ በወጣትነቱ ወታደር የነበረ ሰው ነው። ይህን ሙያ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከሁሉም ሰው ቀድሞ ሥራ ይገባል። ሺፍቱ ሳይጀምር ግቢውን በእግሩ ይዞራል፤ እያንዳንዱን በር በመዳፉ ገፋ ያደርጋል። የቡና ኩባያውን ሁልጊዜ በግራ እጁ ይይዛል። ቀኝ እጁ ባዶ ነው፤ ሰው እያናገረ ግን ያን ባዶ እጅ ወደ ሽጉጡ አስጠግቶት አያውቅም።

"እጅህን ካሳረፍክበት ወሬው አለቀ" ይለኝ ነበር። "ሰውዬው ከዚያ በኋላ አፍህን አይሰማም፤ እጅህን ነው የሚያየው።"

ሌላው ልማዱ የሚቆምበት ቦታ ነው። የተናደደ ሰው ፊት ለፊት አይቆምም፤ ወደ ጎን ፈንጠር ይላል፣ የሰውዬውን መውጫም አይዘጋም። መውጫ ያየ ሰው እንደሚወጣበት፣ መውጫ የተዘጋበት ግን አንተን አልፎ ለመሄድ እንደሚሞክር አስተማረኝ። አንድ ቀን ከሱቅ የተባረረ ሰካራም የተሰበረ ጠርሙስ ይዞ መጣብን። ሚስተር ሆሊስ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለና፣

"ወዳጄ፣ ምሳ በልተሃል?" አለው።

"ምን አገባህ!"

"እኔ አልበላሁም። ከመታኸኝ ባዶ ሆድ ነው የምትመታው። ወሬው አያምርብህም።"

ሰውዬው ሳይወድ በግድ ሳቀ። ጠርሙሱን አስቀምጦ እየተሳደበ ሄደ። እኔ በጣም ተገርሜ፣ "ሕጉ እዚህ አገር ወደ ኋላ እንድንሸሽ አያስገድደንም፤ ታዲያ ለምን ሸሸህ?" አልኩት።

"ሕጉ የሚነግርህ ምን ማድረግ እንደምትችል ነው። መሸሽ የሚያሳፍረው ሰው መሣሪያ መያዝ የለበትም።"

ይህን ሰው ለምን በዝርዝር እንደምጽፍ አሁን እናገራለሁ። አንድ ቀን መኪናው ውስጥ ምሳ እየበላን፣ ዓይኑን ከሳንድዊቹ ሳያነሣ፣ ሰው መግደሉን ነገረኝ። ወጣት ጠባቂ ሳለ የመጠጥ መሸጫ ሲጠብቅ አንድ ዘራፊ ሽጉጥ አወጣበት፤ እሱ ቀደመው። ምርመራው ብዙ አልቆየም።

"ምንም ጥፋት የለብህም አሉኝ" አለ። "እውነታቸውን ነው፤ የለብኝም። ግን ነገሩን ይዤው የት እንደምሄድ ማንም አልነገረኝም።"

የሟቹ እናት እሱ ሰፈር ነበረች። እሑድ ጸሎት ቤት ሲሄድ በእሷ በር ላለማለፍ በሌላ መንገድ ይዞር ነበር። ለምን አላንኳኳህም አልኩት። ጠበቃው መጀመሪያ አትናገር አለው፤ በኋላ ደግሞ ረፈደ።

"እኛ አገር መንገድ አለው" አልኩት። ሽማግሌ እንደሚላክ፣ ገዳዩ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ሟች ቤት ደጃፍ እንደሚወድቅ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት ለደሙ ይቅርታ እንደሚለመን ነገርኩት። ማኘኩን አቆመ።

"እናትየው ድንጋዩን ታነሣለች?"

"ካነሣች አበቃ።"

"ካላነሣችስ?"

"ተሸክመህ ትመለሳለህ። ሌላ ቀን ደግሞ ትሄዳለህ።"

"ጥሩ አገር አላችሁ" አለኝ።

"አይደለም፤ ብዙ ስለምንገዳደል ነው መንገዱን ያወቅነው" አልኩት።

ሚስተር ሆሊስ እናቲቱን ሳያናግር ሞተ። ቀብሩ ላይ ሦስት ጠባቂዎችና አንድ እህቱ ነበርን። ትክክለኛ የነበረ ሰው፣ ሸክሙን የሚያራግፍበት ቤት አጥቶ ሲያረጅ አይቻለሁ። በኋላ ያደረግኩትን ያደረግኩት ባህል ስለሆነ ብቻ የመሰላቸው ሰዎች ይህን አያውቁም።

እኔ ሱፐርቫይዘር ስሆን አዲስ ገቢዎችን ማሠልጠን ለእኔ ተሰጠ። ብዙ ያገሬ ልጆች በእጄ አልፈዋል። የሚስተር ሆሊስን አቋቋምና አነጋገር አስተማርኳቸው፤ ካነበብኩትም ጨመርኩላቸው። "ኪሳችሁ ውስጥ ያለችው ካርድ መሣሪያ እንድትይዙ ትፈቅዳለች እንጂ ነፍሳችሁን የመከላከል መብት የሰጠቻችሁ እሷ አይደለችም። እሱ ከእናንተ ጋር ተወልዷል። ስለዚህ እንደ ራሳችሁ ዕቃ ቆጥቡት" እላቸው ነበር። አንዳንዶቹ ጋሼ ደግሞ ስብከት ጀመሩ እያሉ ይሳሳቁብኝ ነበር። ይሳቁ። እኔ ልጆቼንም ያሳደግኩት እንደዚሁ ነው።

ቢንያም አይስቅም ነበር። የደሴ ልጅ ነው፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ አግብቶ አንዲት ሴት ልጅ የወለደ፣ ቀድሞ ታክሲ ይነዳ የነበረ። ወንበር ቢገጭ ወንበሩን ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው ነው። ለመሣሪያ ይሆናል ብዬ ተጠራጥሬ ነበር፤ በኋላ ግን ለመሣሪያ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው ብዬ ፈረምኩለት። አዲሰን አጠገብ፣ የኛ ሰዎች ምግብ ቤት፣ ሸቀጣ ሸቀጥና ፀጉር ቤት ባሉበት የሱቆች ግቢ ተመደበ።

ደረጀ የሚባል ሰው ነበር። ዩለስ በምትባል ከተማ ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል። ትሑት ሠራተኛ ነበር፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። በመጨረሻው ዓመት አእምሮው ታመመ። እንቅልፍ አጣ፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ የሚቀመጡ ሰዎች ሁሉ በእሱ የሚስቁ መሰለው። ሁለት ጊዜ መጥቶ ሲጮኽ ቢንያም አባብሎ፣ ምሳ ጋብዞ፣ እናቱ ጋ ደውሎ ሸኝቶታል።

ሦስተኛው ጊዜ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ደረጀ ከመኪናው ኋላ የጎማ መፍቻ ብረት አወጣና የምግብ ቤቱን መስተዋት ሰበረ። ውስጥ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ነበሩ። ቢንያም ጠራው። ደረጀ ወደ እሱ ዞረ። ቢንያም በመኪኖች መካከል ወደ ኋላ እየሄደ፣ "ደሬ! እኔ ነኝ! ቢኒ ነኝ እኮ! ጣለው በናትህ!" እያለ ሲጮኽ ብዙ ሰው ሰምቶታል። ብረቱ ግራ ክንዱን ሰበረው። ጀርባው ከቆመ ፒክአፕ ጋር ተጣበቀ። ብረቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሣ ቢንያም ሁለት ጊዜ ተኮሰ።

እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ፤ በራዲዮ ሰምቼ ደረስኩ። ደረጀ ላይ ነጭ ጨርቅ ተደርጓል። ቢንያም የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የተሰበረ እጁን እንደ ሕፃን ታቅፎታል። ቀና ብሎ አየኝና፣

"ጋሼ፣ በስሙ ጠራሁት እኮ" አለኝ።

ፖሊስ ወሰደው፤ ቃሉን ተቀብሎ ለቀቀው። ጉዳዩ ወደ ክስ ይሂድ አይሂድ የሚወስኑ ተራ ዜጎች አሉ፤ ግራንድ ጁሪ ይባላሉ። ውሳኔያቸውን መጠበቅ ነበረበት። ኩባንያው የያዘለት ጠበቃ አንድ ነገር አጥብቆ አዘዘው፤ ከማንም ጋር እንዳይነጋገር፣ ከሟች ቤተሰብ ጋርማ ጨርሶ እንዳይገናኝ።

የደረጀ ዐርባ ከወጣ በኋላ ከቤተ ክርስቲያናችን ቄስና ከአንድ ሌላ አባት ጋር ዩለስ ሄድን። በመጀመሪያው ቀን በሩ አልተከፈተልንም። በሁለተኛው ገባን። እማማ የሺ፣ የደረጀ እናት፣ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ያልነውን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን።

"ልጁ በስሙ ጠርቶታል ይላሉ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው" አልን።

"እንግዲያው ራሱ ይምጣና ይንገረኝ።"

ቤቴ ስመለስ ነርስ የሆነችው ልጄ ሜሮን ኩሽና ቆማ ጠበቀችኝ። ከእናቷ ሰምታለች።

"አባዬ፣ ሎየሩ ከማንም ጋር አታውራ አላለውም?"

"ብሎታል።"

"ሶ ለምንድን ነው የምትወስደው?"

"እናትየው ስለጠየቀች።"

"ዲስ ኢዝ ቴክሳስ እኮ! እዚህ ሶሪ ካልክ ጊልቲ ነህ። እኛ ሥራ ላይ እንኳን ሶሪ ስንል ተጠንቅቀን ነው።"

"እንግዲያው ሥራችሁ ተበላሽቷል" አልኳት።

"ኦኬ አባዬ። አንተ ራይት ነህ። ግን ጄል የሚገባው እሱ ነው፣ አንተ አይደለህም" ብላኝ ወጣች።

ይህን ቃሏን ሳልቀንስ ለቢንያም ነገርኩት። "ጠበቃው አትሂድ ብሎሃል። እኔ ሂድ እልሃለሁ። የሚታሰረው ግን አንተ ነህ፤ ስለዚህ አስብበት" አልኩት። ብዙም አላሰበም።

"ጋሼ፣ ልጄ ስታቅፈኝ ሰውነቴ ይሸማቀቃል። ይውሰዱኝ" አለኝ።

ዩለስ ውስጥ ድንጋይ መሬት ላይ ወድቆ አይገኝም። ሁሉም ነገር ወይ አስፋልት ነው ወይ የተከረከመ ሣር። የጓሮ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገዛን። ቄሱ ሲከፈል ቆመው አዩና፣ "ድንጋይም በካርድ ሆነ?" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሥሩ የዋጋ ወረቀት እንደተለጠፈበት ማናችንም ልብ አላልንም።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቢንያም ድንጋዩን በማጅራቱ አድርጎ ደረጃውን ወጣ፤ ግራ እጁ በጀሶ ስለታሰረ በዚያ በኩል እኔ ደገፍኩለት። በላያችን ለማረፍ ዝቅ ያሉ አውሮፕላኖች እየተከታተሉ ያልፋሉ። ሲያልፉ ማንም አይናገርም፤ እስኪያልፉ ይጠበቃል። ደጃፉ ላይ ተንበረከከ።

"አጥፍቻለሁ። ልጅዎን የገደልኩት እኔ ነኝ። ይማሩኝ" አለ።

ይህን ቃል ያስጠናሁት እኔ ነኝ። በኛ ዘንድ የሚባለው ይኸው ነው።

እማማ የሺ ከሶፋው ሆነው አዩት። ከዚያ፣ "በስሙ ጠራኸው?" አሉት።

"ደጋግሜ ጠራሁት።"

"አወቀህ?"

አውሮፕላን አለፈ። ቢንያም መሬት መሬት እያየ፣ "አላወቀኝም እማማ" አለ።

"እኔንም አያውቀኝም ነበር" አሉ። "የመጨረሻውን ሳምንት እኔንም አያውቀኝም ነበር።"

ተነሥተው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከበዳቸው። ዘመድ ሊያግዝ ሲነሣ በዓይናቸው መለሱት። ገፋ ገፋ አድርገው ምንጣፉ ላይ ጣሉትና "ተነሥ" አሉት። ቤቱ ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ሥራዬን በትክክል ሠርቻለሁ ብዬ የማምንበት አንድ ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር።

የደረጀ የአክስት ልጅ ያን ሁሉ በስልኳ ቀርጻዋለች። ክፋት አልነበረባትም። ደረጀን ለወለዱት አባት ጎጃም ልትልክላቸው ነው፤ ዕርቁን በዓይናቸው ካላዩ አያምኑም ብላ። እሳቸው ለወንድማቸው ላኩ፣ ወንድማቸው ለሌላ። ሳምንት ሳይሞላ ዳላስ ተመልሶ ሁሉም ስልክ ላይ ነበር። አንድ ሰው ተርጉሞ ለዐቃቤ ሕጉ አደረሰው። ግራንድ ጁሪው ካየው በኋላ ቢንያም በነፍስ ግድያ ተከሰሰ።

ዐቃቤ ሕጉ ዲል የሚሉትን ድርድር አቀረበ። ቢንያም ዳኛው ፊት ቆሞ ያለ በቂ ምክንያት ገደልኩ ካለ አምስት ዓመት። ካላለ ሙሉ ችሎት። ጠበቃው ቪዲዮው ከባድ ነው፣ ተቀበል አለው። እኔም ቤቱ ሄጄ ተቀበል አልኩት። ልጅህ ሳታድግ ትወጣለህ አልኩት።

"ጋሼ፣ ያ መብት ከእናንተ ጋር ተወልዷል ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"ነኝ።"

"ታዲያ አልነበረኝም ብዬ ልፈርም?"

"በአፍህ ነው የምትለው። ለእማማ የሺ አጥፍቻለሁ አላልክም?"

"እሱማ እውነት ነው" አለኝ። "ለእናቱ አጥፍቻለሁ። ልጅ አሳጥቻታለሁ። ለዳኛው ግን ምን አጠፋሁ? ያን ቀን ዳኛው የት ነበር?"

ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ አንብቤ ያላገኘሁትን ልጁ በአንድ ትንፋሽ ተናገረው። ሰው ሙሉ መብት እያለው ዕዳ ሊኖርበት ይችላል፤ መብቱ በመንግሥት ፊት ነው፣ ዕዳው በእናት ፊት። እኛ ሁለቱን በየቤታቸው አስቀምጠናል ብለን ነበር። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ግን የስልክ መስተዋት ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ችሎቱ ላይ ቪዲዮው ለጁሪዎቹ፣ ፍርዱን ለሚሰጡት ሌሎች ዜጎች፣ ደጋግሞ ታየ። ዐቃቤ ሕጉ ድንጋዩ ምንጣፉ ላይ ሲገለበጥ አቁሞ የዋጋውን ወረቀት በትልቅ ስክሪን አሳየ። "ጥፋት የሌለበት ሰው ሱቅ ሄዶ ድንጋይ ይገዛል?" አለ። ሁለተኛው ጥይት ደረጀን ጎኑ ላይ እንደመታው፣ ያኔ ዞሮ ሊሄድ እንደነበር ተከራከረ። የቢንያም ጠበቃ በሁለቱ ጥይቶች መካከል ትንፋሽ መውሰጃ እንኳን እንዳልነበረ ተናገረ። እኔ አላየሁም። አላየሁም ብዬ ነው የምጽፈው።

በምስክርነት ቀረብኩ። ልማዱን በአስተርጓሚ አስረዳሁ። ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ።

"በባህላችሁ ድንጋይ የሚሸከመው ጥፋተኛው ነው?"

"የገደለው ነው።"

"ያለ ጥፋት የገደለም ይሸከማል?"

"ይሸከማል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ደሙ ነው፤ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው በኋላ ይመጣል።"

"ታዲያ 'አጥፍቻለሁ' የሚለውን ያስጠናኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ውሸት ነው ያስጠናኸው?"

ውሸት ነው ብል ቢንያም ይድን ይሆናል። እናቲቱ ደግሞ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አስተርጓሚዋ ጆሯቸው ሥር ትነግራቸዋለች። በገዛ እጃቸው ድንጋዩን ያነሡትን ሴት፣ ያ ሁሉ ጨዋታ ነበር ልላቸው አልቻልኩም።

"እውነት ነው" አልኩ። "ግን ለእናቲቱ የሚነገር እውነት ነው።"

ዐቃቤ ሕጉ "አመሰግናለሁ" ብሎ ተቀመጠ። የጁሪዎቹን ፊት አየሁ። የተናገርኩት ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ማንም ጋ አልደረሰም።

ከነፍስ ግድያው ነፃ አሉትና ዝቅ ባለው አንቀጽ ጥፋተኛ አሉት። ቅጣቱ ከመወሰኑ በፊት ዐቃቤ ሕጉ እማማ የሺን ሐዘናቸውን እንዲናገሩ ጠራቸው። በጥቁር ነጠላቸው ተሸፍነው ወጡ። ልጃቸው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ተጠየቁ፤ ጥሩ ልጅ ነበር አሉ። ሞቱ ምን እንዳደረገባቸው ተጠየቁ።

"ምን ያደርግብኛል? ጨርሶኛል" አሉ። ከዚያ ወደ ጁሪዎቹ ዞሩ። "ይህ ልጅ ልጄን ገደለው። ልጄም ሊገድለው ነበር፤ ታሞ ነበር። መጥቶ በደጄ ወደቀ፤ ሸክሙን ከላዩ ያነሣሁት እኔ ነኝ። አሁን እናንተ መልሳችሁ የምትጭኑበት በማን ስም ነው? በእኔ ስም ከሆነ እኔ አልላክኋችሁም።"

አስተርጓሚዋ እስከ መጨረሻው ተረጎመችው። ዳኛው አመሰገኗቸውና ክሱ የቴክሳስ ግዛት እንጂ የቤተሰብ እንዳልሆነ በትሕትና ገለጹላቸው። ጁሪዎቹ ገብተው ወጡ። ስምንት ዓመት።

ከዚያ በኋላ አላሠለጠንኩም። ጥቂት ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ የሺፍት ፕሮግራም ሳወጣ ቆየሁና ጡረታዬን ጠየቅኩ። ሰዎች ጥፋቱ ከባህሉ ነው ይላሉ፣ ሌሎች ከአሜሪካ ሕግ ነው ይላሉ፤ ሜሮን ደግሞ ምንም አትልም። ለልጆቼ የማወርሰው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ መብታችሁን ማንም አይሰጣችሁም፣ ማንም ግን እንዳልነበራችሁ አድርጎ ሊያስራችሁ ይችላል። ይህን አውቃችሁ ኑሩ።

ቢንያምን እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ። ወኅኒው ከዳላስ ግማሽ ቀን ያስነዳል። አንዳንዴ እማማ የሺም አብረውኝ ይሄዳሉ፤ በመንገዱ ላይ ብዙ አንነጋገርም። ባለፈው ብቻዬን ነበርኩ። ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ግራ እጁ አሁንም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ስለ ልጁ አወራን፤ ከዚያ እስከዚያ ቀን ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩት።

"ያ እሑድ ቢመለስ ምን ታደርጋለህ?"

"እተኩሳለሁ፤ ምን ምርጫ አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እማማ የሺ ጋ እሄዳለሁ።" ቀጥሎም፣ "እርስዎስ ጋሼ? ሂድ ይሉኝ ነበር?" አለኝ።

ያለ ሐሰት ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። እሱ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠበቀኝ። ጊዜ አልቋል ተብሎ እስክንለያይ ድረስ አንድ ቃል አልወጣኝም።